አንድ እሳት፣ ብዙ ድፎ፦ የጣና ደሴት ዳቦ ለምን በጋራ ይጋገራል?

በክብረ በዓል ሰሞን ከጣና አካባቢ የሚመጡ አጫጭር ቪዲዮዎች ከስልክ ስልክ ይዘዋወራሉ። ሴቶች እሳት ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ ቡኮ ታሻለች፣ አንዷ የኮባ ቅጠል ታጥባለች፣ ሌላዋ ፍም እየዛቀች የተደፋ ምጣድ ጀርባ ላይ ታፈሳለች። ይህን ያየ ከተሜ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «ፍቅር ማለት ይህ ነው!» ወይም «ደኑን እኮ ጨረሱት፣ ዳቦ ቤት የላቸውም ወይ?»

መዋደዱም አለ፣ የደኑም ነገር ቀልድ አይደለም። አምስት ቤት አንድ እሳት ላይ የሚሰበሰብበት ዋናው ምክንያት ግን ከሁለቱም ይልቅ ወደ ሒሳብ ያደላል፤ እሳት ውድ ነው። ውድነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ሊጡን፣ ምጣዱንና እንጨቱን ለየብቻ ማየት ይሻላል።

ድፎ የምንለው የትኛውን ነው?

ጎጃም ውስጥ ዳቦ «ይጋገራል»ም «ይደፋል»ም ይባላል። ድፎ ስሙን ያገኘው «ደፋ» ከሚለው ግሥ ነው። የቦካ የስንዴ ሊጥ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይገለበጣል፣ ከላዩም ኮባ ይለብሳል፣ ሌላ ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ይደፋበትና ከታችም ከላይም እሳት ያገኛል። ለቡሄ ልጆች ከሚሰጠው ሙልሙል የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ ድፎ ከመጀመሪያው ለብዙ ሰው ታስቦ የሚሠራ ዳቦ ነው። ለብቻው ሊበላ ድፎ የሚደፋ ሰው እስካሁን አላየሁም።

በብዛት የሚደፋው ለማኅበርና ለሰንበቴ ነው። ማኅበር ማለት የአንድን ቅዱስ ወርኃዊ በዓል በየተራ በየቤታቸው የሚዘክሩ ሰዎች ስብስብ ነው፤ የወሩ አስተናጋጅ «ተረኛ» ይባላል፣ መሪያቸው ደግሞ «ሙሴ»። ሰንበቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚደረገው ነው።

ኮባን የማያውቅ ካለ፣ ሙዝ የሚመስለው እንሰት ነው። ደቡብ ላይ ሥሩና ግንዱ ምግብ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚፈለገው ቅጠሉ ነው። ፍም ነበልባሉ አልፎለት ቀልቶ የቀረው እሳት ሲሆን፣ ረመጥ ደግሞ ጥቃቅን ፍም ያለበት ትኩስ አመድ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዳቦውን ያሳርራል ወይም ጥሬውን ያወጣል።

ደሴት መሆኑ ምን ይለውጣል?

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ላዩ ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይቆጠራል፤ ትልቁ ደቅ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ስንዴም ሆነ ዱቄት በአብዛኛው በጀልባ የሚመጣ ነገር ነው። ደሴቱ የሚያበቅለው ዳጉሳና በቆሎ ለእንጀራና ለጠላ ይሆናል፤ ድፎ ግን ስንዴ ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ቆይተን እናየዋለን።

ከስንዴው የባሰው ማገዶው ነው። ደሴት ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካየህ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለቤተ ክርስቲያን የተከለለ ዛፍ ደግሞ መጥረቢያ አይነካውም። ስለዚህ ጎብኚው «ይህ ሁሉ እንጨት እያለ!» ብሎ የሚደነቅበት ጫካ ለነዋሪው ማገዶ አይደለም። ማገዶ ማለት የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ጭራሮ፣ ከማሳ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ሐይቁ ገፍቶ ያመጣው ግንድ ነው።

ዘጌን እንመልከት። በውል ካየናት ደሴት ሳትሆን ወደ ሐይቁ የገባች ባሕረ ገብ መሬት ናት፤ ኑሮዋ ግን የደሴት ነው። መነኩሴው አባ በትረ ማርያም ትተውት አለፉ በሚባለው ሥርዓት መሠረት ዘጌ ላይ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይተዳደራል፤ እህሉ ከውጭ ይገባል። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከብት ከሌለ ኩበት የለም። የጎጃም ደጋ ሰው እንጨት ሲያጥረው ኩበት ያነዳል፤ የዘጌ ሰው ይህ አማራጭ የለውም። እንጨቱ ደግሞ ገበያ አለው። በደንገል ታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ወርዶ ይሸጣል። እዚያ ቤት ውስጥ የነደደ እያንዳንዱ ፍልጥ ያልተሸጠ ፍልጥ ነው።

ሊጡ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ውሃ ነክቶት ሲታሽ እየተለጠጠ ይያያዝና አየር የማያሳልፍ ስልቻ ይሆናል፤ አንድ ትልቅ ስልቻ ሳይሆን እልፍ ጥቃቅን ስልቾች። ስልቾቹን የሚነፋው እርሾው ነው። እርሾ ከቀድሞ ቡኮ የተረፈ ሊጥ ሲሆን፣ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። አንዱ ወገን ከስታርቹ፣ ማለት የዱቄቱ ዋና ክፍል ከሆነው ነገር፣ የሚገኘውን ስኳር እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት አልኮል ያወጣል፤ ጋን ውስጥ ጠላን የሚያስፈላውም ዘመዱ ነው። ሌላው ወገን፣ እርጎን የሚያረጋው ባክቴሪያ ዘመድ፣ አሲድ ያወጣል፤ ያቺ ቀለል ያለች ኮምጣጣ ጣዕም ከእሱ ናት።

ዳጉሳም ጤፍም ግሉተን የላቸውም። እርሾው አየር ቢያወጣም የሚይዝለት ስልቻ ስለሌለ አየሩ ያመልጣል። ለእንጀራ ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ዓይኑ የሚወጣው አየሩ ሲያመልጥ ነው። ድፎ ላይ ግን ዳጉሳ ያበዛች ሴት ጡብ ታወጣለች።

ከፍታውም የራሱ ሥራ አለው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከላይ የሚጫነው አየር ስለቀነሰ ሊጡ ቶሎ ያብጣል፣ ችላ ካሉትም ቶሎ ይወድቃል። ውሃውም በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከዚህም ከፍ ትላለች፣ እዚያ 92 ገደማ ነው፤ ግን ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው የማርቆስ እመቤት ማታ አቡክታ ተኝታ ትነሣለች። የጣና ዳር ሙቀት እንዲህ ዓይነት እንቅልፍ አይፈቅድም።

ለምን ነበልባል ሳይሆን ፍም?

መጀመሪያ ደቅ አክስቴ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ እሳት ጠብቂ ተባልኩ። ምጣዱ ሥር ያለው እሳት የሞተ መሰለኝና ሁለት ፍልጥ ጨመርኩ። ነበልባሉ ሲነሣ ደስ አለኝ፤ የሠራሁ መሰለኝ። ዳቦው ሲገለጥ ታቹ ከሰል ሆኗል፣ እምብርቱ ግን ጣት ላይ የሚጣበቅ ሊጥ ነው። አንዲት ጎረቤት፣ እኔን ሳታይ እሳቱን እያየች፣ «አንች ልጅ፣ ነበልባል ውሃ ያፈላ እንደሁ ነው እንጂ ዳቦ አይጋግርም» አለችኝ። ዳቦው የተረኛዋ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም፤ የከሰለውን በቢላ ፋቁት፣ ጥሬውን ለውሻ ሰጡት፣ እኔም የቀረውን ቀን ኮባ ሳጥብ ዋልኩ።

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የተነፋ ሊጥ አየር የሞላው ስለሆነ እንደ ጋቢ ሙቀት አያሳልፍም። ሊጡ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እርሾው ይሞታል፤ ከዚያ ጀምሮ ስታርቹ ውሃ እየጠጣ ይረጋል፣ የዳቦው ቅርጽም ይያዛል። ውስጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ግን ከውሃ መፍያ፣ ማለት ከ94 ዲግሪ፣ አያልፍም። ቅርፊቱ ወዙን፣ ቡናማ ቀለሙንና ሽታውን የሚያገኘው ከ140 በላይ ነው። ጋጋሪዋ እንግዲህ አንዱን ዳቦ በአንድ ጊዜ በሁለት ሙቀት ማብሰል አለባት፤ ላዩን ሳታሳርር እምብርቱ እስኪደርስ መጠበቅ።

እዚህ ላይ ምጣድ በምጣድ ላይ የመድፋት ብልሃት ይመጣል። በወፍራም ነገር ውስጥ ሙቀት የሚጓዝበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እሳቱ ከታች ብቻ ከሆነ ሙቀቱ የዳቦውን ሙሉ ውፍረት መጓዝ አለበት። ከላይም ፍም ከተደረገ ግን ከሁለቱም ወገን መጥቶ መሐል ላይ ይገናኛል፤ እያንዳንዱ የሚጓዘው ግማሹን ብቻ ነው። በግምት ጊዜው ሩብ ይሆናል ማለት ነው። ጊዜው ካጠረ እንጨቱም ያጥራል። እናቶቻችን ይህን በቀመር አልጻፉትም፤ ግን ከላይ ፍም ያፈሰሱት እንዲያው ለወግ አልነበረም።

ነበልባል ነፋስ ባዞረው የሚዞር ትኩስ ጋዝ ነው፤ የምጣዱን አንድ ጎን ይልሳል፣ ሌላውን ይረሳል። ፍም ግን ባለበት ሆኖ እንደ ፀሐይ ዙሪያውን እኩል ያሞቃል። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይበረታበታል፤ ጀልባ ነጂዎችም ሞገዱን ሽሽት ጠዋት መሻገር ይመርጣሉ። ዳቦውም በዚያው ልክ ጎሕ ሲቀድ ወይም ከግንብ ጥግ ይደፋል።

ኮባው ደግሞ ጋሻ ነው። እርጥብ ቅጠል ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከመፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ የምጣዱ ግለት በቀጥታ ሊጡን አይነክሰውም። እንፋሎቱም ቅርፊቱ ገና ሊጡ አብጦ ሳይጨርስ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ደረቅ ኮባ ያነጠፈ ሰው ጋሻውን ጥሎ የዘመተ ነው። ሽታው ተጨማሪ በረከት ነው፤ ከጥቁር አዝሙድና ከድንብላል ጋር ሲሆን በተለይ።

ቴርሞሜትር በሌለበት መለኪያው ዱቄት ነው። ምጣዱ ላይ ቆንጠር ተደርጎ ይበተናል፤ ወዲያው ከጠቆረ ፍሙ ይቀነሳል፣ ነጭ ሆኖ ከቆየ ይጨመራል፣ ቀስ ብሎ ከቀላ ሊጡ ይገባል። መብሰሉ የሚታወቀው ደግሞ ታቹ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ነው። ስንጥርም ይሰካበታል፤ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት።

በጋራ መጋገሩ ምን ያተርፋል?

የመጀመሪያው ዳቦ በጣም ውዱ ነው። ምጣዱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጉልቻው ቀዝቃዛ ነው፣ መሬቱም። እሳቱ ሊጡ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እነሱን ሙቀት ማጠጣት አለበት። አንዴ ከጠጡ በኋላ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ዳቦ የሚከፍሉት የራሳቸውን ብቻ ነው።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር እናስብ። የመጀመሪያው ዳቦ 6 ፍልጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ 3 ፍልጥ ይበላል እንበል። አምስት ቤት በየጓዳው ቢጋግር 30 ፍልጥ ይነዳል። አንድ እሳት ላይ ቢሰለፉ 6 እና አራት ጊዜ 3፣ በድምሩ 18። እንጨቱ በታንኳ ተጭኖ የሚሸጥ ከሆነ የተረፈው 12 ፍልጥ ብር ነው።

ሰው ይህን «ደቦ» ይለዋል፤ በትክክል ግን ወደ ወንፈል ይጠጋል። ደቦ የጠራህ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኝሃል፣ ሥራው ልክ በልክ አይመለስም። ወንፈል ብድር ነው፦ ዛሬ እኔ ላንቺ፣ ነገ አንቺ ለእኔ። ለተረኛዋ ያቦካች ሴት የራሷ ተራ ሲደርስ የሚቦካላት አታጣም። እንጨትም እንዲሁ፣ እያንዳንዷ የድርሻዋን እስር ይዛ ትመጣለች።

አስቸጋሪው ክፍል ማንም ቪዲዮ ላይ የማያየው ነው። እሳት ወረፋ ያስይዛል፤ ቡኮ ግን ወረፋ አያውቅም። አምስቱም ቤት እኩል ሰዓት ቢያቦካ የመጨረሻዋ ሊጥ ተራዋ እስኪደርስ አብጣ፣ ኮምጥጣ፣ ስልቾቿ ፈንድተው ትወድቃለች። ስለዚህ ዋዜማውን ንግግር አለ፦ ማን መጀመሪያ ያቦካል፣ ማን ቆይቶ፣ ማን እርሾውን ቀነስ ያደርጋል። ይህን የምትመራዋ ሴት የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ማለት ናት፤ ሁሉም ሊጥ በሰዓቱ መድረስ አለበት።

የመጀመሪያውን፣ አስጊውን ዳቦ ማን ይደፋል? እኔ ባየሁት ተረኛዋ ናት። እሳቱ ባይስማማ ጉዳቱ የእሷ ይሁን ነው ነገሩ (ያኔ የእኔም ፍልጥ ተጨመረበት)። ዳቦዎቹ እንዳይምታቱ ደግሞ እያንዳንዷ ሊጧ ላይ በጣት ወይም በስንጥር ምልክት ታደርጋለች።

ሴቶች ብቻ ናቸው የሚሠሩት? በመንደሩ አዎ፣ በአብዛኛው። ግን እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። እዚያ ሊጡም ፍሙም በወንድ እጅ ነው፤ «ወንድ ጓዳ አይገባም» የሚለው ነገር ሐይቁን አልተሻገረም።

ጭሱስ? ደኑስ?

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለት ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ አካባቢ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። የሦስት ጉልቻ እሳት ደግሞ አባካኝ ነው፤ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ምግቡ ዘንድ የሚደርሰው አንድ አምስተኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የቀረው ነፋስ ይወስደዋል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ዙሪያውን የተዘጋ ምድጃ ከዚህ እስከ ግማሽ ድረስ እንጨት ይቆጥባል። የተሠራው ግን ለእንጀራ ነው፤ ለድፎ ከላይ የሚፈሰው ፍም አሁንም ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ብዙ ዳቦ አንድ እሳት ላይ መደርደር ከጥንት የነበረ የቁጠባ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጭሱን በተመለከተ ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ የምግብ ማብሰያ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ጉዳት የሚያመጡት ሳንባ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡ ጥቃቅን ብናኞችና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ናቸው። ሁለት ነገር ልዩነት ያመጣል፤ ደጅ ላይ ወይም ክፍት ዳስ ሥር መጋገርና የደረቀ እንጨት። ርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ዳቦውን ትቶ መጀመሪያ ያንን ውሃ ያፈላል፣ ጭሱም የሚበዛው ለዚህ ነው። ፍም ካበጀ በኋላ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይጠፋም፤ ብርድ ነው ብሎ ፍም ይዞ ክፍል ዘግቶ መተኛት ሰው ገድሏል።

ደሴት ላይ አንድ የተለየ አደጋ አለ። ያረጀ የጀልባ ሳንቃ ደረቅ ስለሆነ እጅ ያሳሳል፤ ግን አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አመዱና ጭሱ ዳቦው ላይ ያርፋል። ፌስታል ለኩሶ እሳት ማያያዝም ያው ነው። ከወይራ ጋር የሚወዳደር ማገዶ የለም፤ እንጨቱ እፍግ ያለ ስለሆነ ፍሙ ይቆያል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይንቦገቦጋል፣ ቶሎ ያልቃል። የቡና ግንጣይ መሐል ላይ ነው።

ኤሌክትሪክ ምጣድ አይሻልም?

ኃይሉ ባለበት ይሻላል። አንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ጣሪያ ላይ የተሰቀለች ሶላር ይህን አትችልም።

ለምን ትኩሱን አይቆርሱትም?

ድፎው ከምጣድ ሲወርድ ልጆች ይከቡታል፤ ማንም አይቆርስላቸውም። ይህን ብዙ ሰው ለጸሎት የሚቆይ ይመስለዋል። የማኅበሩ ዳቦ በእርግጥ ሳይባረክ አይቆረስም፤ ለቤት የተጋገረውም ግን ይቆያል። ከእሳት ሲወርድ ስታርቹ ገና ቀዝቅዞ አልጠነከረም፣ እምብርቱ ላይ ያለው እንፋሎትም ወደ ቅርፊቱ እየተጓዘ ነው። ያኔ ቢላ ከገባበት ውስጡ ተድቦልቡሎ ቢላው ላይ ይለጠፋል፣ እርጥበቱም በአንዴ ይወጣና በማግሥቱ ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ በኮባው እንደተጠቀለለ፣ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል።

አክስቴ ለእናቴ የላከችውን ድፎ ይዤ ጠዋት ጀልባ ተሳፈርኩ። ኮባው ላይ ነጠላ ደርባ አስራልኛለች። ባሕር ዳር ወርጄ ቤት ስደርስ መሐሉ አሁንም ለብ ብሎ ነበር፤ ጎኑ ላይ ሦስት የጣት ምልክት አለው፣ የእሷ ምልክት። እናቴ ገና ሳትፈታው ገልበጥ አድርጋ ታቹን አየችና «እሳቱን ማን ነበር የያዘው?» አለችኝ።